ዘጠኝ ዓይነት እህል ወይስ ዘጠኝ ዓይነት ጣዕም? ለልጅ ምግብ የማስለመጃ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አራስ ልትጠይቅ መጥታ የነበረች ጎረቤት ሕፃኑ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ደግሞ ብቅ ትልና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ዱቄቱን ስንት ዓይነት እህል አደረግሽበት?» ሰባት ያለች ደህና እናት ናት፤ ዘጠኝ ያለች ጎበዝ ትባላለች፤ ዐሥራ ሁለት ያስፈጨችም አውቃለሁ። እኔም ለመጀመሪያ ልጄ ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽንብራ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ አመስ አመስ አድርጌ አስፈጨሁ። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ዱቄቱ ገና ትኩስ ነበር። ባልዲውን ታቅፌ ቤት ስገባ የልጄን የምግብ ጉዳይ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ገንፎውን ወደደችው። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ገንፎ፣ ማታ አጥሚት ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ካሮት ብሰጣት ፊቷን አዞረች። እንቁላሉን ተፋችው። ሙዙን በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን በልብሷ ጠረገች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ ዘጠኝ ዓይነት እህል አስፈጭቻለሁ፣ የእሷ ምላስ የሚያውቀው ግን አንድ ጣዕም፣ አንድ ቀለምና አንድ ልስላሴ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ መንገዱን ቀየርኩ። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች በሁለቱ ልጆች መካከል ያየሁትን ልዩነት ባለሙያዎች ከሚሉት ጋር ያገናዘቡ ናቸው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ገደማ ያለ ልጅ ላላቸው ወላጆች ይሆናሉ።

ድብልቅ ዱቄት ወይስ ለየብቻ?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን ምግቡ በቂ ስብጥር አለው የሚሉት ከ8 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን በአንድ ቀን ውስጥ ሲያገኝ ነው። የመጀመሪያው ምድብ የእናት ጡት ወተት ነው። ከዚያ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋ (ዶሮና ዓሣን ጨምሮ)፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ በመጨረሻም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች ይመጣሉ።

አሁን የእኔን ዘጠኝ እህል በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ማሽላ ስድስቱም አንድ ምድብ ናቸው። ሽንብራ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ ሦስቱ ሌላ አንድ ምድብ ናቸው። ዘጠኙ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ጡት ሲጨመር ሦስት ይሆናል፤ አምስት አልሞላም። እንቁላል የለም፣ ዱባ የለም፣ ብርቱካን የለም።

ይህ የእኔ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው አጥሮ፣ ተገኝተዋል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. የማስቆም ግብ ይዞ የተነሣውም ለዚህ ነው። ለመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነት፣ ንጹሕ ውኃ ማጣትና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ሁሉ አሉበት። የምግብ ስብጥር ማነስ ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው፣ እናት በእጇ ልታስተካክለው የምትችለው ነገርም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዱቄቱን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ይቆያል፣ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል፣ ሞግዚትም አያትም ያለ ስሕተት ትሠራዋለች። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲሆኑ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ስለዚህ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ መድረሻ ሲሆን ነው ችግሩ። ሦስት ወይም አራት ዓይነት እህል ይበቃዋል፣ ለተጨማሪው አምስት የሚወጣው ገንዘብ እንቁላል ቢገዛበት ይሻላል።

ገንፎና አጥሚትም ቢነጻጸሩ ገንፎ ይበልጣል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከሞላችሁት የሞላችሁት በውኃ ነው። ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይንሸራተት ውፍረት ያለውን ምረጡ። በጣም ወፈረ ብላችሁ ውኃ ከመጨመር ትንሽ የብቅል ዱቄት ጣል አድርጋችሁ እንደገና አፍሉት፤ ብቅሉ ንጥረ ነገሩን ሳይቀንስ ያላላዋል።

ለየብቻ ማቅረብ የሚያሸንፍበት ሌላም ምክንያት አለ። ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው በትንሹ ከተሰጠ፣ ሽፍታ ወይም ትውከት ቢመጣ ምክንያቱ ይታወቃል። ዘጠኝ እህል በአንድ ጊዜ ለጀመረ ልጅ ግን የትኛው እንደጎዳው ማን ያውቃል? ኦቾሎኒን ፈርቶ ማዘግየት ደግሞ አይበጅም። በእንግሊዝ ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት ኦቾሎኒ ሲለምዱ አለርጂው በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጥናቱ መነሻ ሐሳብ የመጣው እስራኤል ውስጥ ሕፃናት ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ ገና በጨቅላነታቸው ስለሚበሉ ነበር፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። በእኛ ቤት ልሞ የተፈጨ ኦቾሎኒ በገንፎ ላይ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ከባድ የቆዳ አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

ለየብቻ ማለት አምስት ድስት መጣድ አይደለም። በአንድ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ዱባ፣ አንድ ማንኪያ የምስር አልጫ፣ ሩብ እንቁላል፣ አንድ ቁራሽ አቮካዶ፣ ሳይነካኩ። ልጁ ቢጫውን ከአረንጓዴው ይለያል፣ ያየውን ከቀመሰው ያያይዛል። ሁሉም ተደባልቆ ቡናማ ሲሆን ግን የሚማረው የለም።

ስንት ጊዜ ሲተፋ ነው «አይወድም» የሚባለው?

ብዙ ወላጅ ሁለቴ ሦስቴ ሞክሮ «የእኔ ልጅ አትክልት አይወድም» ይላል። በልጆች አመጋገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን አንድን አዲስ ምግብ ልጅ እስኪቀበለው ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል ያሳያሉ። ቁጥሩ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ሲኖሩት ግን ረጅም ነው።

ለሁለተኛው ልጄ ቆስጣ ሳስለምደው ማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አልነካውም። በሦስተኛው በጣቱ አንስቶ ወደ መሬት ጣለው። በአምስተኛው አፉ ውስጥ ከተተውና ፊቱን አኮማትሮ ምላሱን አወጣ፤ አረንጓዴዋ ቅጠል ምላሱ ጫፍ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ምንም አላልኩትም፣ ጠረግኩለት። በዘጠነኛው አኝኮ ተፋው። በዐሥራ አንደኛው ዋጠ፣ ከዚያም እጁን ዘርግቶ ደገመ። ሦስተኛው ቀን ላይ አቁሜ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ቆስጣ የማይወድ ልጅ አለኝ እል ነበር።

መትፋት እምቢታ ብቻ አይደለም፣ መተዋወቅም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ትናንት ሲበላው የነበረውን ዛሬ ቢገፋው አትደንግጡ። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች አዲስ ምግብ መፍራታቸው የዕድገት አንድ ክፍል ነው። በዚያ ወቅት የማይሻል ምርጫ ቢኖር ምግቡን ከገበታው ማንሣት ነው። ትንሽም ቢሆን፣ ባይነካውም፣ ከሚወደው ምግብ አጠገብ ይቀመጥለት።

ማጉረስ ወይስ በራሱ እጅ?

ይህ ለእኛ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ጉርሻ ምግብ ብቻ አይደለምና። «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ለአዋቂ ይሁን፣ ለሕፃን ግን መጨናነቁ አደጋ አለው። አንዳንድ ቤት ልጁን ጭን ላይ አስተኝቶ፣ እጁን ይዞ አጥሚት መጋት ገና አልቀረም። ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ባይገባም ልጁ ማንኪያ ባየ ቁጥር ማልቀስ ይለምዳል። ይህን በምንም መልኩ አልመክረውም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ለወላጆች የምታስተምረው የሥራ ክፍፍል አለ፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት «ታዲያ ቢራብስ?» ብዬ ነው። ልጅ አንድ ምሳ ቢያሳልፍ መክሰስ ላይ ይክሳል። በሁለት ምግቦች መካከል ብስኩትና ጭማቂ እየተሰጠው ሲውል ነው የረኃብ ስሜቱ የሚጠፋው።

በራሱ እጅ መብላት ያቆሽሻል። ምንጣፍ ይበላሻል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ግማሹ ምግብ መሬት ይወርዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ሦስቱንም ማዕድ በእጁ ይብላ አልልም። በቀን አንዱን፣ ሰዓት ያላችሁበትን ምረጡ፤ የቀረውን በማንኪያ ስጡት። ማንኪያውን ስታቀርቡ አፉን እስኪከፍት ጠብቁ፣ ፊቱን ሲያዞር አቁሙ።

ጉርሻን መተው ግን አያስፈልግም፤ አቅጣጫውን መቀየር ይቻላል። ልጁ እናንተን ያጉርስ። ልጄ እሱ የማይነካውን ጎመን ለእኔ ለማጉረስ ግን በደስታ ይጠቀልል ነበር። እንጀራውን በትንንሽ ጣቶቹ ቆርሶ፣ ጎመኑን አፍሶ፣ ግማሹን መንገድ ላይ እያንጠባጠበ አፌ ያደርሰዋል። በዚህ መሀል ጎመኑን ነክቶታል፣ አሽትቶታል፣ ጣቱንም ልሷል።

በእጁ ሲበላ ማነቅን አስቡ። ቡና ሲፈላ ለልጆች እፍኝ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ መስጠት ልማድ ነው፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ድፍን ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ካሮትና ድፍን ወይን አይሰጥም። ምግቡ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈርስ መሆን አለበት፤ ልጁም ተቀምጦ እንጂ እየሮጠ አይብላ። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው በጭራሽ አይቅመስ።

መደለል፣ መደበቅና ስልክ

«ካሮቱን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የሚለው በዚያች ደቂቃ ይሠራል። ልጁ የሚይዘው ትምህርት ግን ካሮት ቅጣት፣ ከረሜላ ሽልማት መሆኑን ነው። መሸለም ካለበት ምግብ ያልሆነ ነገር፣ ያውም ስለቀመሰ እንጂ ስለጨረሰ አይሁን።

ካሮትና ዱባ ፈጭቶ ሽሮ ውስጥ መደበቅ ከመደለል ይሻላል፤ ንጥረ ነገሩ ቢያንስ ይገባለታል። ነገር ግን የካሮትን መልክ ስለማያውቅ ነገ ካሮት ሲያይ ያው እንግዳ ነው። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፦ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ከሽሮው አጠገብም አንድ ቁራጭ አለ። «ምን አለበት?» ብሎ ሲጠይቅም እውነቱን እነግረዋለሁ።

ስልክ ከፍቶ ማጉረስ ከሁሉም የከፋው ነው። ልጁ ይውጣል፣ ምን እንደዋጠ ግን አያውቅም፤ መጥገቡንም አይሰማም።

ለብቻው ድስት ወይስ ከቤተሰቡ?

እዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ከቤተሰቡ። የአልጫ ክክ፣ ምስር፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን፣ ዓይብ ሁሉ የሕፃን ምግቦች ናቸው። ወጡ በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት የልጁ ድርሻ በጭልፋ ይወጣለታል፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ ለስለስ ያለውን በርበሬም በጥቂቱ ይለምደዋል። የእናት ጡት ወተት ጣዕሙ እናቲቱ በምትበላው ስለሚቀያየር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ለጠባ ልጅ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም።

ከቤተሰቡ ማዕድ መብላት በእንጀራም በኩል ይጠቅማል። ጤፍ ብረት አለው፤ ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ግን ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በወጥ የራሰ የእንጀራ ፍትፍት ካልቦካ የጤፍ ገንፎ በዚህ በኩል ይሻላል። ቲማቲም ወይም ብርቱካን አብሮ ሲኖር ብረቱ ይበልጥ ይገባል፤ ሻይ ሲጠጣ ግን ይቀንሳል። «ሻይ በዳቦ» የልጅ ቁርስ ሆኖ የቆየበት ምክንያት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ነው፤ በዳቦው ላይ እንቁላል፣ በሻይው ፋንታ ወተት ቢተካ የልጁ ጠዋት ይለወጣል።

ከቤተሰቡ ድስት መብላት የሚሸነፈው በጾም ወቅት ነው። ሁለት ወር በሚጠጋው ዐቢይ ጾም እቃው እንዳይነካካ ተብሎ ቤት ውስጥ እንቁላልም ወተትም ይጠፋል፤ ሕፃኑም ሳይፈልግ ጾመኛ ይሆናል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት አባቶች ያስተምራሉ፤ ችግሩ ድስቱ ነው። መፍትሔውም ድስቱ ነው፦ ለልጁ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያና የራሱ መወልወያ። እንቁላል በቅርፊቱ ስለሚቀቀል ከሁሉም ይቀላል። በጾም ቀናት ተልባ፣ ሱፍ፣ ኦቾሎኒና ጥራጥሬ ለሁሉም ይሆናሉ፣ እንቁላሉን ግን አይተኩም።

ገበያ ላይ

አፕል የጤና ምልክት ሆኖ ተቆጥሮ፣ ከውጭ የሚመጣውን በውድ ገዝቶ ለልጅ ማጠራቀም የተለመደ ነው። ለቫይታሚን ኤ ከሆነ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዱባ፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ይበልጡታል፤ ለቫይታሚን ሲ ዘይቱንና ብርቱካን ይበልጡታል። ለሕፃን አፍም ይለሰልሳሉ። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ በደንብ በስሎ፣ ከሥጋ ቤት ከሚገዛው ሁሉ ለልጅ የተሻለው ነው።

ዘመድ ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው የሚያመጣው የታሸገ የሕፃን ምግብ ለጉዞ ይመቻል። ከጀርባው ስኳር ተጽፎ እንደሆነ አንብቡ። እየተመጠጠ የሚበላው ዓይነት ግን ማኘክም አያስተምርም፣ የፍሬውንም መልክ አያሳይም።

ለማን የትኛው?

ልጁ ገና ስድስት ወሩ ከሆነ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ሦስት ማንኪያ ጀምራችሁ ለየብቻ አስቀምሱት፤ ገንፎው ጎን ለጎን ይሂድ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ማዕድና አንድ ሁለት መክሰስ ይደርሳል። ድብልቅ ብቻ ለምዶ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ገንፎውን በአንድ ቀን አትከልክሉት፤ ገንፎው ላይ የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ የማንጎ ቁራጭ፣ አስቀምጡና ከዚያ ቀጥሉ።

ልጁ ቀኑን ከሞግዚት ጋር የሚውል ከሆነ ማስተካከል ያለብን ጥያቄያችንን ነው። ማታ ስንገባ «በላ? ጨረሰ?» እያልን ከጠየቅን፣ ባዶ ሳህን ለማሳየት ስትል ትግተዋለች፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። «ዛሬ ምን ነካ? ምን ቀመሰ?» ብለን ስንጠይቅ ግን ሥራዋ ይለወጣል። እኔ ቤት ይህ አንድ ጥያቄ ከሁሉም ምክር በላይ ሠርቷል።

ክብደቱ የቀነሰ፣ ሲውጥ የሚያስለው፣ ወይም የሚበላው ምግብ ከቀን ወደ ቀን እየተመናመነ የመጣ ልጅ ግን በእነዚህ መንገዶች አይጠበቅም። የዕድገት መከታተያ ካርዱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሌላው ሁሉ ጊዜ ነው፣ ከማዕድ ውጪ የሚጠፋ ጊዜም ጭምር። በታኅሣሥ መንገድ ዳር የሚሸጥ አንድ እስር እሸት ሽንብራ ገዝቼ ከነቆባው ቀቀል አደረግኩትና በረንዳ ላይ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ያቺ እንቁላሉን የተፋችው ትልቋ ልጄ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ወጥ ውስጥ ሽንብራ ካየች ሳህኑን የምትገፋ። ቆባውን በጥርሷ ሳይሆን በአውራ ጣቷ ጥፍር መክፈት ተማረች፤ ከውስጡ አረንጓዴዋ ፍሬ ጠብ ስትል ሳቀች። ለወንድሟ ፍሬውን በጣቷ ጨፍልቃ ትሰጠዋለች፤ እንዲህ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። አራት ፍሬ በላች። አምስተኛዋን ተነሥታ ሄዳ አያቷን አጎረሰች።